የእጅ ሥራ አሻንጉሊት ዋጋው ስለ ምን ይወደዳል?

የዋጋ ነገር ሲነሣ ሁላችንም ዳኞች ነን። አንድ ዕቃ ከገመትነው በላይ ሲጠራብን «ነጋዴው ሊገፈን ነው» ብለን እንፈርዳለን፤ ከገመትነው በታች ሲጠራ ደግሞ «ምን ጉድለት ቢኖርበት ነው?» ብለን እንጠረጥራለን። ዋጋው ከምን ከምን ተጠራቅሞ እዚያ እንደ ደረሰ ግን ጠይቀን አናውቅም ማለት ይቻላል። ይህ ልማዳችን ይበልጥ የሚታየው ጥቅም የለውም በምንለው ዕቃ ላይ ነው። ከነዚህም አንዱ አሻንጉሊት ነው። በጃፓን አገር በእጅ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ስብስብ በብዙ መቶ ሺህ የን፣ አንዳንዱም ከአንድ ሚሊዮን የን በላይ ይሸጣል ብንል፣ «ለመጫወቻ ይህን ያህል?» ብሎ የማይስቅ ተማሪ ጥቂት ነው።

ሳቁን አንነቅፍም። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ጥያቄው ባለበት ይቀራል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ለሐሩ ነው? ለነጋዴው ትርፍ ነው? ወይስ ለሌላ ነገር? በዚህ ጽሑፍ የጃፓንን አሻንጉሊት ምሳሌ አድርገን የእጅ ሥራ ዋጋ እንዴት እንደሚገነባ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጃፓንን የመረጥነው ሥራው በዚያ አገር የረጅም ዘመን ደንብ ያለው በመሆኑ ነው። ደግሞም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ስለዚያች አገር መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ፣ ጃፓን የራስዋን ሳትጥል እንዴት ሠለጠነች የሚለው ጥያቄ ከአገራችን ምሁራን አፍ አልጠፋም። የአሻንጉሊቱ ነገር የዚሁ ጥያቄ አንድ ትንሽ ክፍል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሻንጉሊቱና በዓሉ

በጃፓን በየዓመቱ ማርች 3 ቀን ሂና ማትሱሪ የሚባል የሴቶች ልጆች በዓል ይከበራል። ሴት ልጅ ያለው ቤተ ሰብ በዚያ ሰሞን ቀይ ጨርቅ በለበሰ ደረጃ ላይ አሻንጉሊቶች ይደረድራል። ሙሉው ስብስብ ሰባት ደረጃና አሥራ አምስት አሻንጉሊቶች አሉት። ከላይ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው ሦስት ደንገጡሮች፣ ቀጥለው አምስት ሙዚቀኞች፣ ከዚያም ሁለት ሚኒስትሮች፣ በመጨረሻም ሦስት አሽከሮች ይከተላሉ። በታችኞቹ ደረጃዎች የቤት ዕቃውና ሠረገላው ሁሉ በትንሽ መጠን ተሠርቶ ይቀመጣል። በዓሉ ሲያልፍ አሻንጉሊቶቹ ተጠቅልለው ለከርሞ ይቀመጣሉ። ልጅቱ አታዝላቸውም፣ አታጥባቸውም፣ ጸጉራቸውንም አትጎነጉንም። ብዙ ጊዜ ሕፃኗ ስትወለድ አያቶቿ የሚገዙላት ስጦታ ናቸው። ስለዚህ «መጫወቻ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በደንብ አይገጥምም፤ የቤት ቅርስ ብንላቸው ይቀርባል።

የዚህ በዓል ጸባይ ራሱ በዋጋው ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። አሻንጉሊቶቹ የሚሠሩት ዓመቱን ሙሉ ነው፤ በብዛት የሚሸጡት ግን ከበዓሉ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ሠሪው ሐሩን የሚገዛው፣ ለሠራተኛ የሚከፍለው፣ የተጠናቀቀውን ሥራ ከእርጥበትና ከብል የሚጠብቀው ገንዘቡ ከመግባቱ ከብዙ ወራት በፊት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ታስሮ የሚቆይ ገንዘብ ወጪ አለው፤ ያም ወጪ የሚመለሰው ከዋጋው ነው።

የአንድ አሻንጉሊት አሠራር

ዋናውን ምክንያት የምናገኘው ግን ከሠሪው ቤት ነው። ከራሱ እንጀምር። በጥንቱ ልማድ የአሻንጉሊቱ ራስ ኪሪ ከሚባል ቀላል እንጨት ይቀረጻል። በኋላ በመጣው ልማድ ደግሞ የዚሁ እንጨት ሰጋቱራ ከስንዴ በተሠራ ሙጫ ተቦክቶ በፎርማ ይጨመቅና ይደርቃል። በደረቀው ራስ ላይ የመስተዋት ዓይን ይገባል። ከዚያ ጎፉን የሚባለው ነጭ ቅብ ይመጣል። ጎፉን ኦይስተር ከሚባል የባሕር ፍጥረት ቅርፊት የሚፈጭ ዱቄት ነው። ቅርፊቱ ከመፈጨቱ በፊት ደጅ ተከምሮ ለብዙ ዓመት ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል። ዱቄቱ የሚበጠበጠው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ነው። ሙጫው ከበዛ ቅቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ደግሞ እንደ ኖራ ይረግፋል። የአየሩ ሙቀትና እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ልኩም ይለወጣል። ስለዚህ ለለማጅ በወረቀት ጽፈው የሚሰጡት አንድ ልክ የለም፤ ልኩን የሚያውቀው የቆየ እጅ ነው።

ቅቡም በአንድ ጊዜ አያበቃም። ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ እንደ ገና ይቀባል። አፍንጫና ከንፈር ወፈር ባለ ጎፉን እየተደረበ ይጎላሉ። የመስተዋቱ ዓይን በቅቡ ተሸፍኗልና ሠሪው በስለታም ቢላዋ ቅቡን ሰንጥቆ ዓይኑን ይከፍተዋል። በዚህ ሰዓት ቢላዋው በጥቂቱ ቢያልፍ ፊቱ ሌላ ፊት ይሆናል፤ የብዙ ቀንም ድካም ይበላሻል። ከዚያ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቅንድቡና የጸጉሩ ዳር በቀጭን ብሩሽ እየተደጋገመ ይሳላል። በመጨረሻም በራሱ ላይ ጠባብ ቦይ ይቆረጥና ጥቁር የተነከረ የሐር ፈትል በቦዩ ውስጥ እየተተከለ ጸጉር ይሆናል።

ገላው ከታሰረ ገለባ ይሠራል። ልብሱ ሐር ነው፤ የተሻለው በኪዮቶ ከተማ በኒሺጂን ሰፈር ከሚሸመነው ነው። ሐሩ ቅርጹን እንዲይዝ ከጀርባው ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ተቆርጦ ይሰፋል። የእቴጌይቱ ልብስ ብዙ ድርብ ስለ ሆነ የእያንዳንዱ ድርብ ጠርዝ ከሌላው ሥር በእኩል ልክ ብቅ ማለት አለበት። ሁሉም ከለበሰ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ክንድ ማጠፍ ነው። በክንዱ ውስጥ ሽቦ አለ፤ ባለ ሙያው ልብስ የለበሰውን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ በኃይል ያጥፈዋል። የእጥፋቱ ማዕዘን የአሻንጉሊቱን ሁለንተና ይወስናል፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ከዚህ እጥፋት ብቻ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ይለያሉ ይባላል።

በኪዮቶ ልማድ ይህን ሁሉ አንድ ሰው አይሠራውም። ራስ ሠሪው፣ ጸጉር ተካዩ፣ እጅና እግር ሠሪው፣ ጎራዴውንና ማራገቢያውን የሚሠራው፣ በመጨረሻም አልባሹ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የየራሳቸውም ቤት አላቸው። ከቶክዮ በስተሰሜን ባለችው በኢዋትሱኪም ሥራው ከብዙ ዘመን ጀምሮ የከተማይቱ ሕዝብ መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። በ2020 የአሻንጉሊት ቤተ መዘክር የተከፈተውም በዚህች ከተማ ነው።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ትምህርት የወሰዱ ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ ያነሡ ይሆናል። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ የመርፌ ቁልፍ ሥራን ምሳሌ አድርጎ ሥራ ሲከፋፈል ምርት እንደሚበዛ ዋጋም እንደሚረክስ አስተምሮ የለምን? እውነት ነው። ነገር ግን በስሚዝ ምሳሌ ሥራው የተከፋፈለው ፍጥነት ለመጨመር ነው፤ በአሻንጉሊቱ ቤት የተከፋፈለው ጥራት ለመጨመር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዓይን ሲከፍት የኖረ ሰው ከሌላው አሳምሮ ይከፍታል እንጂ መቶ እጥፍ አፍጥኖ አይከፍትም። ጎፉኑም ሠሪው ስለ ቸኮለ ቶሎ አይደርቅም።

ዋጋው በሐሩ አይደለም

«እንግዲያው ሐሩን ትተው በርካሽ ጨርቅ ቢሠሩት፣ መጠኑንም ቢያሳንሱት ዋጋው ይወርድ ነበር» የሚል ይኖራል። ይህን የጃፓን መንግሥት ራሱ ሞክሮታል። በ1721 የሾጉኑ መንግሥት ሕዝቡ በቅንጦት ገንዘቡን እንዳያባክን ብሎ የሂና አሻንጉሊት ቁመት ከስምንት ሱን፣ ማለት ከ24 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ አዘዘ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ባለ ሙያዎቹ ትንንሾችን እያሳመሩ መሥራት ያዙ። በኋላም ቁመታቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ዕቃዎቻቸው ሁሉ በዚያው ልክ ያነሱ አሻንጉሊቶች መጡ፤ የእነርሱም ዋጋ ከትልልቆቹ የሚያንስ አልነበረም። አዋጁ ጨርቁን ሊቀንስ ቻለ፤ ድካሙን ግን ሊቀንስ አልቻለም። እንዲያውም ዕቃ ባነሰ ቁጥር እጅ ይበልጥ ይጠበባል፤ ድካሙም ይበዛል። ከዚህ የምንረዳው የእጅ ሥራ ዋጋ አብዛኛው ክፍል የሰው ጊዜ መሆኑን ነው።

ድካሙን የሚቀንስ ነገር በኋላ መጥቷል። ይኸውም ማሽንና ፋብሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ራሱን ከጀሶ በፎርማ ማፍሰስ ተስፋፋ፤ በፕላስቲክ የሚሠራም መጣ። ዛሬ በአንድ ሱቅ ውስጥ ከሩቅ ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉ፣ ዋጋቸው ግን እጅግ የሚራራቅ አሻንጉሊቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብዙ ቤተ ሰብ ርካሹን ይገዛል፤ የሚወቀስበትም ነገር የለም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የእጅ ሥራው ከበፊቱ ይልቅ ውድ መስሎ ይታያል። ስለ ምን?

የክብሪቱና የአሻንጉሊቱ ሠራተኛ

ይህን ጥያቄ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ በደንብ አብራርተውታል። የእነርሱ ርእስ ቴያትርና ሙዚቃ ነበር። ለአራት ሰዎች የተደረሰ የቤትሆቨን ሙዚቃ ዛሬም ለመጫወት አራት ሰዎች ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ጊዜ እንደ ጥንቱ ነው። በፋብሪካ ግን የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ በብዙ እጥፍ አድጓል። የሙዚቀኛው ምርት ባይጨምርም ደመወዙ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ሙዚቃውን ትቶ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል።

ነገሩን ለማቅለል የራሳችንን ምሳሌ እንስጥ። ቁጥሩ ግምት ብቻ ነው። በአንዲት ከተማ አንድ የክብሪት ሠራተኛና አንድ ራስ ሠሪ በቀን አንድ አንድ ብር ያገኛሉ እንበል። የክብሪቱ ሠራተኛ በቀን 100 ሣጥን ክብሪት፣ ራስ ሠሪው አንድ የአሻንጉሊት ራስ ይሠራሉ። የሥራ ዋጋቸውን ብቻ ብንቈጥር የአንድ ሣጥን ክብሪት ዋጋ አንድ ሳንቲም፣ የራሱ ዋጋ አንድ ብር ነው፤ አንድ ራስ 100 ሣጥን ክብሪት ያወጣል ማለት ነው። ማሽን ገባ እንበል። የክብሪቱ ሠራተኛ አሁን በቀን 1,000 ሣጥን ያወጣል፤ ደመወዙም አምስት ብር ሆነ። የአንድ ሣጥን ክብሪት ዋጋ ወደ ግማሽ ሳንቲም ወረደ። ራስ ሠሪው ግን ዛሬም በቀን አንድ ራስ ነው የሚሠራው። ከጎረቤቱ እኩል ይኑር ከተባለ ራሱ አምስት ብር ሊሸጥለት ይገባል። ያን ጊዜ አንድ ራስ 1,000 ሣጥን ክብሪት ያወጣል!

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ራስ ሠሪው አልሰነፈም፤ ስግብግብም አልሆነም፤ ከክብሪቱ ሠራተኛ አንድ ሳንቲም አስበልጦ አላገኘም። ዕቃው ግን ከክብሪት ጋር ሲነጻጸር በአሥር እጥፍ ተወደደ። አሻንጉሊቱን ያስወደደው የክብሪቱ መርከስ ነው። በገበያ ቆመን «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ስንል የምንዘነጋው ይህን ነው።

ሁለት ዓይነት ውድነት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀውን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጋዜጦች ስለ አሻንጉሊት ዋጋ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ የሐራጁን ዋጋ ነው። ለምሳሌ በ2014 ለንደን ውስጥ ቦንሃምስ በሚባለው የሐራጅ ቤት፣ ከመርና ራይንሃርት የሚባል የጀርመን ኩባንያ በ1909 ገደማ የሠራው አሻንጉሊት በ242,500 ፓውንድ ተሽጧል። ይህ ዋጋ ከሥራ ጊዜ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ዕቃው ብርቅ በመሆኑና ሁለት ሀብታሞች ስለ ፈለጉት የወጣ ዋጋ ነው። ቀለሙን የቀባው ሰው ቀድሞ ሞቷል፤ ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሰባራ ሳንቲም አላገኘም። የሠሪው ዋጋ እንጀራ ነው፤ የሰብሳቢው ዋጋ ውድድር ነው። ሁለተኛውን ሰምተን በመጀመሪያው ላይ መፍረድ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሠሪው የሚያገኘው ዋጋ ካልበቃው የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ ለማጅ አይመጣም። ጎፉን መበጥበጥና ዓይን መክፈት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ለማጁ የሚያወጣው ሥራ ለገበያ አይበቃም። ወጣቱ ደግሞ ቢሮና ፋብሪካ ክፍት ሆነው ይጠብቁታል። በዚህ ላይ ገዢውም እያነሰ ነው። በጃፓን በ1973 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ በ2023 የተወለዱት ግን ከ730 ሺህ ያንሳሉ። ቤቱም ጠቧል፤ ሰባት ደረጃ የሚዘረጋበት ቦታ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ብዙዎች ንጉሠ ነገሥቱንና እቴጌይቱን ብቻ ይገዛሉ። ከአምስቱ ሙያዎች አንዱ፣ ጸጉር ተካዩ ብቻ እንኳ ቢጠፋ አራቱ አብረውት ይቆማሉ።

የጃፓን መንግሥት ይህን አደጋ ተገንዝቦ በ1950 የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም ቅርስ ማለት ሕንጻና ሥዕል ብቻ ሳይሆን በሰው እጅ ውስጥ ያለ ሙያም ነው አለ፤ በ1954 ደግሞ ሕጉን አሻሻለው። በ1955 ሂራታ ጎዮ እና ሆሪ ርዩጆ የተባሉ ሁለት አሻንጉሊት ሠሪዎች በዚህ ሕግ ተመረጡ፤ ሆሪ ርዩጆ ሴት ናቸው። ሕዝቡ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ሕያው የአገር ሀብት» ይላቸዋል። ዛሬ በዚህ ማዕርግ ላይ ላለ ሰው መንግሥት በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል፤ ገንዘቡም ሙያውን እንዲያዳብርበትና ተተኪ እንዲያሠለጥንበት ነው። የገንዘቡን መጠን ስናየው አገሪቱን የሚያደኸይ አይደለም። የተሰጠው ክብር ግን አንድን ወጣት «አሻንጉሊት ሠሪ ልሁን» ብሎ ለአባቱ እንዲናገር ሊያደፋፍረው ይችላል።

እኛስ?

ስለ ጃፓን ይህን ካልን ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አይገባም። በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ፊት ቆመን ስንከራከር በልባችን የያዝነው መለኪያ በፋብሪካ የታተመው የጥበብ አምሳያ ዋጋ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ በእናቶች እንዝርት ተፈትሎ፣ ድርና ማግ ሆኖ፣ ጥለቱ በእጅ እየተለቀመ የተሠራውን ቀሚስ በደቂቃ ከሚታተመው ጨርቅ ጋር በአንድ ሚዛን እናስቀምጠዋለን። ይህም የክብሪቱንና የአሻንጉሊቱን ዋጋ እንደ ማደባለቅ ነው። ርካሹን መግዛት መብታችን ነው፤ ሸማኔውን «ዘራፊ» ማለት ግን መብታችን አይደለም።

ከዋጋውም የከፋ ነገር ነበረብን። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን በሙያቸው መስደብ በአገራችን የቆየ ነውር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ አፍ ገና አልጠፋም። ጃፓን ባለ እጁን የአገር ሀብት ስትለው እኛ ሙያውን ከሰደብን፣ ልጁ የአባቱን መወርወሪያ ጥሎ ቢሄድ ማንን እንወቅሳለን?

ማንም አሻንጉሊት ይግዛ ብለን ይህን አልጻፍንም፤ የአብዛኞቻችን ኪስ ለዚያ እንደማይበቃ እናውቃለን። ነገር ግን ነገ ከዚህ ወጥተን አስተማሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሹሞች፣ ሕግ አርቃቂዎች የምንሆን ሰዎች ነን። ያን ጊዜ የአንድ ሙያ ዕድል በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብ «ለዚህ ይህን ያህል?» ብለን ከመሳቃችን በፊት፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ዓመት ተማሩት፣ ከእነርሱ በኋላስ ማን ያውቀዋል ብለን እንድንጠይቅ ነው። መልሱ ከተገኘ በኋላ ዋጋው ውድ ነው ብለን ብንፈርድ ፍርዱ ቢያንስ በማስረጃ የተሰጠ ይሆናል።